ውህደትና ሽሮ በጽጽቃ

ረቡዕ፣ ንጋት፤ ወልድያ

ከወልድያ የተነሣነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። የተከራየነው ላንድክሩዘር ጣሪያው ላይ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ፣ አንድ ትርፍ ጎማና በማዳበሪያ ከረጢት የታሠረ የሐጂ ይማም ጓዝ ተጭኗል። ሐጂ ይማም የአንድ ትንሽ የአርጎባ ፓርቲ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ከጎናቸው ከድር ተቀምጧል። ወጣት ጠበቃ ነው፤ የፓርቲው ጸሐፊም እሱ ነው። ሹፌራችን አስናቀ የደሴ ልጅ ነው፤ ሬዲዮ ሳይኖር ዝም ብሎ መንዳት አይችልም። ሬዲዮው ደግሞ ተበላሽቷል። ስለዚህ ያወራል።

እኔ ከኋላ ነኝ። የምጽፍለት ድረ ገጽ ጉዞውን ተከታትዬ እንድዘግብ ልኮኛል።

የምንሄደው ወደ ዋግ ኽምራ፣ ጽጽቃ ነው። እዚያ የሚጠብቁን መምህር ሲሳይ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። በአገው ሕዝብ ስም የተቋቋመ ትንሽ ፓርቲ ይመራሉ። ትንንሾቹ ብሔረሰቦች ለየብቻ ምርጫ ገብተው ለየብቻ ከሚወድቁ፣ ተሰባስበው አንድ ላይ ይቁሙ የሚለው ሐሳብ የእሳቸው ነው። በዚህ ሁሉም ይስማማል። የማይስማሙት በአሰባሰቡ ነው። መምህር ሲሳይ ውህደት ይፈልጋሉ፤ ፓርቲዎቹ ሁሉ ፈርሰው አንድ ፓርቲ እንዲሆኑ። ሐጂ ይማም የሚፈልጉት ጥምረት ነው፤ እያንዳንዱ ስሙንና ማኅተሙን እንደያዘ አብሮ እንዲቆም። ሌሎቹ ትንንሽ ፓርቲዎች “እናንተ ሁለታችሁ ተስማሙ፤ እኛ እንከተላለን” ብለው ዳር ቆመዋል። የምርጫ ምዝገባ እየተቃረበ ነው። የሐጂ ይማም አባላት ካሁን በኋላ ለሌላ ስብሰባ መኪና እንደማይከራዩ ነግረው ሸኝተዋቸዋል። ከጽጽቃ ሳይስማሙ ከተመለሱ ነገሩ አበቃ ማለት ነው።

የድልብን ዳገት ጨርሰን ጋሸና ስንደርስ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ለቁርስ ወደ አንድ ምግብ ቤት ገባን። አስናቀ ጥብስ አዘዘ። ሐጂ ይማምና ከድር እንቁላል አሉ።

“መንገድ ላይ ሁልጊዜ እንቁላል ነን” አለኝ ከድር። “እንቁላል አራጁ ማነው አይባልም።”

ሻይ ሃያ ብር። ዳቦው የትናንት ነው።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ

ከላሊበላ በኋላ ኮረኮንች ነው። ቢልባላን እንዳለፍን ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና ተጋድሟል፤ ጎማና በሮቹ ተወስደዋል፤ ውስጡ ሣር በቅሏል። ኬላ ላይ ወረድን፤ ተፈተሽን፤ ተሳፈርን። አንዱ ፈታሽ የሐጂ ይማምን ከረጢት ነካ ነካ አድርጎ ምን እንዳለበት ጠየቀ። የመስገጃ ምንጣፍ፣ ጋቢ፣ ቴምርና ቢላዋ አሉት ሐጂ። ቢላዋውን አውጥቶ አገላብጦ አየና መለሰው።

በመንገድ ላይ የሰማሁት ታሪክ ለኋላው ስለሚያስፈልግ እዚህ ላስገባው። የሁለቱ ፓርቲዎች የመጀመሪያ ስብሰባ የተደረገው በአርጎባዎቹ አገር፣ በዐቢይ ጾም ነበር። ከዋግ የሄዱት እንግዶች ጿሚዎች ስለሆኑ ባለቤቶቹ ሥጋውን ትተው ሽሮና ምስር አቀረቡ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ በላ። መምህር ሲሳይ ያን ቀን አለቀሱ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በተናገሩበት መድረክ ሁሉ “አንድ ትሪ” ሳይሉ አይወርዱም። ሁለተኛው ስብሰባ በዚያው ጾም ሳይወጣ በጽጽቃ ሊሆን ታስቦ ነበር። መንገድ ተዘጋ። ሲከፈት ፋሲካ አልፎ ነበር።

ሰቆጣ የገባነው ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ነው። የድንጋይ ቤቶቹ በዚያ ሰዓት ብርሃን ቀይ ይመስላሉ። መምህር ሲሳይ ከሆቴላችን በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሐጂ ይማምን ሦስት ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ሳሟቸው። እኔን ለመጨበጥ ሲዘረጉ እጄ በካሜራው ማንጠልጠያ ተይዞ ነበር። ጠበቁኝ።

ሐሙስ፤ ጽጽቃ

ጽጽቃ ወዳለችበት ወደ ዝቋላ ወረዳ የሚወስደው መንገድ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። ማሳው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። ከባለፈው ዓመት ማሽላ የቀረው አገዳ ብቻ ነው። የግራር ዛፎች ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ፍየሎቹ በኋላ እግራቸው ቆመው ቅጠል ይቀጥፋሉ። ገበያ የሚሄዱ ሰዎች በጠርዝ በጠርዙ ይሄዳሉ፤ ገበያው የት እንደሆነ ስንጠይቅ በአገጫቸው ወደ ሸንተረሩ ማዶ ያሳዩናል።

መምህር ሲሳይ ከፊት ተቀምጠው ስለ ውህደት ያስረዳሉ። አስናቀ አንድ ጊዜ አቋረጣቸው።

“መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተዋሕደን ሊቀ መንበሩ ማን ይሆናል?”

“የሚመረጠው ነዋ።”

“እሱማ። ማን ይመረጣል?”

ከኋላ ማንም አልሳቀም። መምህሩ ራሳቸው ሳቁ።

ያረፍነው በታላቅ እኅታቸው በወይዘሮ አብረኸት ቤት ነው። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ሳውዲ ነው፤ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው እሱ ነው። ግቢው ውስጥ ትልቅ ሾላ አለ፤ ከሥሩ የፓርቲው አባላት የሆኑ ገበሬዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። እጅ አስታጠቡን። ከዚያ ትልቅ ትሪ መጣ። ሽሮ ነው። ዳር ዳሩን ጎመን።

መምህር ሲሳይ ተነሥተው ባረኩና ይህ አንድ ትሪ የነገው አንድ ፓርቲያችን ምሳሌ ነው አሉ። ሐጂ ይማም ጥቂት ጎረሱ፤ አመሰገኑ፤ እጃቸውን ሰበሰቡ። ከድርም እንደዚያው። ገበሬዎቹ አንገታቸውን ደፍተው በሉ። ስብሰባው ሲሞቅ ሐጂ ይማም ላለማስቀየም ብለው በብዙ ነገር እሺ አሉ፤ ስለ ውህደት ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲጨልም ሳይስማሙ ተነሡ።

ከድር ግቢውን ሲዞር አገኘሁት።

“ሽሮ ከምን ይሠራል?” ብሎ ጠየቀኝ።

ከሽምብራ፣ ከአተር፣ ከባቄላ አልኩት።

“እስቲ ከበላሽው ውስጥ ባቄላው የቱ እንደሆነ ንገሪኝ። ውህደት ይኸ ነው። እኛ ባቄላዎቹ ነን።” ከዚያ ጨመረ፦ “እነሱ ሲጾሙ መጡ፤ እኛ ጾማቸውን አከበርን። እኛ ሳንጾም መጣን። በዚህ ሁሉ ፍየል መሐል ለሐጂ አንዲት እንኳ አልቀረበችም። ለእሳቸው ነው የከፋኝ።”

ማደሪያዬ ወይዘሮ አብረኸት ዘንድ ነበር። ማድቤቱ ውስጥ ከጎረቤታቸው ጋር በኽምጥኛ፣ በዋግ አገዎች ቋንቋ፣ ይነጋገራሉ፤ ቋንቋውን እንደማልሰማ ሲያውቁ ጎረቤትየዋ በአማርኛ ደገመችልኝ፦

“ፋሲካ ሳይወጣ ሽሮ? ሰው ሞቶብሽ ነው ወይ እያልኳት ነው።”

በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እንግዳ ከሩቅ መጥቶ በዚህ ሰሞን ሽሮ በላ ከተባለ ዓመቱን ሙሉ የሚወራ ነገር ነው። ወይዘሮ አብረኸት ይህን አጥተውት አይደለም። ወንድማቸው ከሰቆጣ ልከው ለምነዋቸዋል፤ አንድ ትሪ ላይ ሁሉም የሚበላው ሌላ ምግብ የለም ብለው።

“እንግዶቹ ምን አሉ?” ብለው ጠየቁኝ።

አመስግነዋል አልኩ። የከድርን ቃል ማውጣት አልደፈርኩም።

“ማመስገንማ ልጄም ያመሰግናል” አሉ። “ሳውዲ ከሄደ ሥጋ አልቀመሰም። አሠሪዎቹ ደጎች ናቸው፤ ከምንበላው ብላ ይሉታል። አመስግኖ ቲማቲሙን ይበላል። ስልክ ሲደውል ጠግቤያለሁ ነው የሚለኝ። ድምፁን አላውቀውም?”

ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ጠየቁኝ፤ ማን እንዳስተማረኝ፣ ወላጆቼ በሕይወት ይኖሩ እንደሆን።

ዓርብ፤ እዚያው

ጠዋት ሐጂ ይማም ከሾላው ሥር ተቀምጠው ሙስባሐቸውን ይቆጥራሉ። ወይዘሮ አብረኸት አንድ ጥቁር ፍየል በገመድ እየጎተቱ መጡና ገመዱን ሐጂ እጅ ላይ አኖሩት።

“ሐጂ፣ ይኸ የእርስዎ ነው። እንደ ሃይማኖትዎ አርደው ይብሉ። ድስቱም አዲስ ነው፤ ምንም አልነካውም። ትናንት ያፈርኩት ይበቃኛል።”

መምህር ሲሳይ ከቤት ወጡ። በኽምጥኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ረጅም ነበር። እኅታቸው የመለሱላቸው ግን በአማርኛ ነው፤ ሁላችንም እንድንሰማ ይመስለኛል።

“አንድ ትሪ ብለህ አገሩን ሁሉ አስጾምክ። በፋሲካ የሚያስጾም ጳጳስ አይቼ አላውቅም። አንተ ማን ሾመህ?”

ገበሬዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። አንዱ በጋቢው አፉን ሸፈነ።

“አብረኸት፣ ለየብቻ ከበላንማ ምኑን ተሰበሰብን?” አሉ መምህሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

“ሰውዬው ትናንት አንተ ፊት ተቀምጦ ጦሙን አደረ። እሱን ነው መሰብሰብ የምትለው?”

ሐጂ ይማም ተነሡ። ፍየሉን በመዳፋቸው ጀርባውን ዳበስ ዳበስ አደረጉትና ወይዘሮ አብረኸትን በአላህ ስም መረቁ፤ ልጃቸውንም በስም ጠርተው ጨመሩ። ስሙን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ከድር ከከረጢቱ ቢላዋውን አወጣ። ወይዘሮ አብረኸት ወደ ወንድማቸው ዞረው ሌላ ቢላዋ ሰጧቸው፤ ሁለተኛው ፍየል ከበረቱ በስተጀርባ ታስሮ ኖሯል።

“ያንተን ደግሞ አንተ እረድ” አሏቸው።

መምህር ሲሳይ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። ያየሁት እውነቱን ለመናገር ትንሽ ነው፤ ዞር ብዬ ነበር። ከወዲህ “በስመ አብ” ሲባል፣ ከወዲያ “ቢስሚላሂ” ሲባል ሰማሁ።

ሁለት እሳት ነደደ፤ ከሾላው በግራና በቀኝ። ጠበቃው ከድር ሥጋ አብስሎ አያውቅም፤ ቶሎ ታወቀበት። አስናቀ ከማዶ ጮኸ፦

“ከድር፣ ከእናንተ በኩል የሚቃጠለው ሥጋ ነው ወይስ ሕግ?”

“አንተ የራስህን ጉርሻ ዋጥ። ከዚህ አንድ ቁራጭ ስጠኝ ብትለኝ ለንስሐ አባትህ እከስሃለሁ።”

ሁለት ትሪ ቀረበ። በመካከሉ ያለው ርቀት ሰው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ የሚነጋገርበት ነበር። ከወይዘሮ አብረኸት ቀፎ የተቆረጠ ነጭ ማር ተበርዞ በአንድ ማሰሮ መጣ፤ ብርዙ ስላልፈላ ሁሉም ጠጣው። ትናንት አንገታቸውን ደፍተው የበሉት ገበሬዎች ዛሬ እየጮኹ ያወራሉ፤ የአርጎባ ፍየልና የዋግ ፍየል የትኛው እንደሚሰባ ክርክር ተነሣ። ሐጂ ይማም በደንብ በሉ። መምህር ሲሳይ ብዙ አልበሉም። ወዲያ ማዶ ያለውን ትሪ ደጋግመው ያያሉ።

ሐጂ ይማም ከሰገዱ በኋላ ስብሰባው ቀጠለ። መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ አጭር ነበር። ስማቸውን ፍቀው እንደማይገቡ፣ አያቶቻቸው ያቆዩትን ስም እሳቸው የማጥፋት ሥልጣን እንደሌላቸው፣ ከዚያ በቀር ግን ለማንኛውም ነገር እንደመጡ ተናገሩ። ከዚያ ሁሉም መምህሩን አየ።

መምህር ሲሳይ ሳይነሡ ተናገሩ። እስከዚያ ድረስ ስብሰባ ላይ ሳይነሡ ሲናገሩ አላየኋቸውም ነበር።

“ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ፓርቲ አያለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። ሰው ሲበታተን አይቻለሁ፤ ስለዚህ ነው። ውህደት ካልሆነ ምንም አይሆንም ብዬ ለልጆቹ አስተምሬያለሁ።” ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። “ትናንት በአንድ ትሪ ተቀምጠን ማንም ማንንም አላየም። ዛሬ ግን ተያየን። ጥምረት ይሁን።”

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት የራሳቸው ፓርቲ አባል ተነሥቶ፣ ለዚህ ነው ወይ ይህን ሁሉ ጊዜ የተከተልንዎት ብሎ ጠየቀ። መምህሩ አዎ አሉት። ልጁ ተቀመጠ፤ እስኪያበቃ ድረስ እጁን ለምንም አላወጣም።

የቀረው ቶሎ አለቀ። ሊቀ መንበርነቱ በየተራ ይሆናል። የመጀመሪያው ከዋግ እንዲሆን ሐሳቡን ያቀረቡት ሐጂ ይማም ናቸው። ከድር ስምምነቱን ጽፎ አነበበው፤ አንድ ገበሬ ወደ ኽምጥኛ መለሰው። ሁለቱ ሰዎች ፈረሙ። ወይዘሮ አብረኸት ከማድቤቱ በር ላይ ቆመው አዩና ተመልሰው ገቡ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፤ ሰቆጣ

መምህር ሲሳይ እስከ ሰቆጣ ሸኙን። መንገዱን ሙሉ ማሳ ማሳውን ያያሉ፤ አስናቀ እንኳ አዝኖላቸው መሰለኝ አላወራም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወጣቱ አባላቸው ይመለስ እንደሆን ራሳቸውን እንደሚጠይቅ ሰው ተናገሩ። ሐጂ ይማም፣ ከእኛም በኩል የሚኮርፍ አይጠፋም፤ ሁለቱን ኩርፊያ ደግሞ አብረን እንሸከማለን አሏቸው።

ከተማ ስንገባ ገበያው ቆሟል። ከድር ለእናቱ ነጭ ማር ገዛ። አስናቀ ጎማውን አስነፋ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መኪናው አጠገብ ቆመው የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደሚሆን ተነጋገሩ፤ ተራው የአርጎባ ነው።

“ኑ” አሉ ሐጂ ይማም። “ፍየሉ ከእኛ ነው። አራጅ ግን ይዛችሁ ኑ።”

“እኅቴን ይዣት እመጣለሁ።”

“እሷ ታርዳለች?”

መምህር ሲሳይ ባርኔጣቸውን ደፉ።

“እሷማ አታርድም። ታሳርዳለች።”

ሐጂ ይማም መኪና ውስጥ ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላም ይስቁ ነበር። መምህሩ መንገዱ መሐል ቆመው ቀሩ፤ አንድ አህያ የሚነዳ ሰው ዞር በሉልኝ እስኪላቸው ድረስ።