ከአሥር ሦስት ያገኘው ቅጠል

ይህ የገጠመኝ አምና፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው በዚያ ሰሞን ሁለት ሰዎችን ከልቤ ስለናቅሁ ነው።

ቢቸና ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። እናቴ በጓሮ የተከለችው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ እያበጠ መቀጨጭ ጀመረ። የጎረቤቶቻችንም እንዲሁ። እብጠቱን ስሰነጥቀው ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ አገኘሁበት። አብዛኞቻችን ችግኙን የገዛነው ሞጣ ከሚኖሩት ሽማግሌ ነጋዴ ከሐጂ ኑሩ ነበር። የእህል ንግዱን ትተው ችግኝ ማፍላት ከጀመሩ አምስት ዓመታቸው ነው።

ስብሰባ ተጠራ። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ከከተማ መጣ። ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ከመኪናው እስከ አዳራሹ እየዘለለ ነው የገባው። አንድ ዛፍ እንኳ ቀረብ ብሎ ሳያይ ፈረደ።

“ተባዩ የገባው በሐጂ ችግኝ ነው። ከዚያ በፊት በዚህ አካባቢ አልነበረም። ችግኛቸው ተነቅሎ ይቃጠል።”

ሐጂ ከኋላ ወንበር ተነሡ። “እኔ እዚያው ሞጣ ከፍሬ ነው ያፈላሁት፤ ከየትም አላመጣሁም” አሉ። ሰውየው ሳቀባቸው። የአባቱን እኩያ! ውሳኔው በሳምንቱ እንዲፈረም ተባለና ተበተንን። ሐጂ ብቻቸውን ሲወጡ ሰላም ያላቸው ሰው አልነበረም።

“ከዚያ በፊት አልነበረም” ያለው ነገር ከነከነኝ። በምን አወቀ? እኔ ግን ማየት እችል ነበር። ለዓመታት ተማሪዎቼን ቅጠል እያስለቀምኩ፣ በድሮ ጋዜጣ መሐል እያስደረቅሁ፣ በካርቶን ላይ አስለጥፋለሁ። ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደለቀመው ከሥሩ ይጻፋል። ባልደረቦቼ “የቲቸር ድርቆሽ” እያሉ ይስቁብኛል።

የትምህርት ቤቱን ስቶር ሦስት ቀን በረበርኩ። ገሚሱን አይጥ በልቶታል። የቀረው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሁሉ ንጹሕ ነው፤ አንድም እብጠት የለበትም። ሰውየው እውነቱን ይሆን እንዴ አልኩ።

በመጨረሻ አንድ ተጣሞ የተለጠፈ ቅጠል አገኘሁ። መሐል አከርካሪው አብጧል። በእብጠቱ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ አለ። ለቃሚው ደሳለኝ የሚባል ሰነፍ ተማሪዬ ነበር። ቀኑ ሐጂ ችግኝ ከመጀመራቸው በፊት ነው። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ፣ በራሴ እጅ፣ እንዲህ ተጽፏል፦ “3/10። የታመመ ቅጠል አይለቀምም ብዬ አልነበር? ስንፍና!”

ሌሎቹ ለምን ንጹሕ እንደሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔው ነኝ ያዘዝኳቸው።

በሁለተኛው ስብሰባ ካርቶኑን ይዤ ቀረብኩ። ሰውየው ከሩቅ አየት አድርጎ፣ “ይህ የተማሪ የቤት ሥራ እንጂ ማስረጃ አይደለም” አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

አያ ሙሉ የሚባሉ ገበሬ፣ “የት ተለቀመ ይላል? እስቲ አንብቢልን” አሉኝ።

“ከፕሮጀክቱ ችግኝ ጣቢያ፣ ከአጥሩ ሥር።”

አያ ሙሉ ወደ ሰውየው ዞሩ። “ያ የተዘጋው ጣቢያ? የእሱስ ኃላፊ አንተ አልነበርክም? ያኔ ችግኝ ከእጅህ አይደል የተቀበልነው?”

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ሰውየው ያልጮኸ ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ ወጣ። በዚያው ቀረ። ሐጂን ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም። ማቃጠሉም በዚያው ቀረ።

ሐጂ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ “ልጄ፣ ስሜን መለስሽልኝ” አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ደሳለኝ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ሦስቱን ሰርዤ አሥር ጽፌ ካርቶኑን አሳየሁት። ከት ብሎ ሳቀ።

“ቲቸር፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው፤ ሰንፌ ነው መንገድ ዳር ካለው ከጣቢያው አጥር ሥር የቆረጥኩት። ጎበዞቹማ ያበጠውን እየጣሉ ንጹሑን ነበር የሚያመጡልዎት።”

ያን ሰውዬ ዛሬም እንቀዋለሁ፤ ሁለተኛዋ የናቅኋት እኔው ነኝ። እሱ ግን የከሰሰው አንድ ሽማግሌ ነው። እኔ በቀይ እስክሪብቶዬ የሽማግሌውን ምስክሮች ለዓመታት ሳስጥል ኖሬያለሁ። አሁን ተማሪዎቼን የታመመውንም አምጡ እላቸዋለሁ። ቀይ እስክሪብቶም መያዝ ከተውኩ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው።