በኪሎ የተገመተችው ቀይ መኪና

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። በጋዜጠኝነት በቆየሁባቸው ዓመታት የሠራኋቸው ስህተቶች ጥቂት አይደሉም፤ አብዛኞቹ በሚቀጥለው እትም ታርመዋል። ይሄኛውን ግን የሠራሁት በጽሑፍ ሳይሆን በሰው ግቢ ቆሜ በአፌ ነው። ደግሞም የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ያን ሰሞን ስላገለገሉ መኪኖች ዋጋ ዘገባ እያዘጋጀሁ ነበር። በሌላው ዓለም መኪና በተነዳ ቁጥር ይረክሳል ይባላል። እኛ ጋ ደግሞ ሃያ ዓመት የተነዳች የቤት መኪና ከተገዛችበት ዋጋ በላይ ስትሸጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ መኪና አለ ወይ ብዬ የጠየቅኳቸው ደላሎች ሁሉ የሰጡኝ መልስ አንድ ነበር፤ ስፖርት መኪና።

ከደላሎቹ አንዱ ሸምሱ ይባላል። መርካቶ ጫፍ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ሳይስቅ የማያወራ ሰው ነው።

“ፈጣን መኪና እዚህ አገር ምን ይሠራልሃል?” አለኝ። “ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው ጉብታ ነው የምትሮጠው። ሆዷ መሬት ይልሳል። ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች። ወንድሜ፣ እዚህ መኪና የሚሸጠው በፍጥነቱ አይደለም፤ በመለዋወጫው ነው።”

“ምሳሌ አሳየኝ።”

“ከባጃጅ የረከሰች ስፖርት መኪና አይተህ ታውቃለህ? ና፣ ላሳይህ።”

ሰኞ ጠዋት ነበር። ከሰባተኛ ዋና መንገድ ጀርባ ወደሚገኝ አንድ ጠባብ ግቢ ወሰደኝ። ጥግ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ነገር ቆሟል። ሸምሱ ላስቲኩን ሲገልጠው ባለሁለት በር፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ቀይ ቀለሟ የደበዘዘ የጣሊያን ሥሪት መኪና ወጣች።

አወቅኳት። ያደግኩት እዚያው አጠገብ፣ አማኑኤል ሰፈር ነው። በልጅነቴ እሁድ እሁድ መርካቶ ሲዘጋ፣ ተሸካሚውም ጋሪውም ከመንገድ ሲጠፋ፣ ይህቺ መኪና ከሰባተኛ ወጥታ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ትዞር ነበር። ከሳምንቱ ቀናት ለእሷ የሚሆን መንገድ ያለው በዚያች ቀን ብቻ ነው። በር ላይ የሚታጠቡ አባወራዎች ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ያዩዋታል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች ጥግ ይዘው “ምን ዓይነቱ ቅብጥብጥ ነው?” ይላሉ፤ ግን እስክትርቅ ድረስ ዓይናቸውን አይነቅሉም። እኛ ልጆቹ ባለቤቱን አናውቅም ነበር። መኪናዋን “እሁድ” ብለን ነበር የምንጠራት።

ባለቤቱን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሰባዎቹን አልፏል፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሞተሯ ተቃጥሎበት ለጋራዥ ጥሏት ሊሄድ ከነበረ የውጭ ሰው በትንሽ ገንዘብ ገዝተው፣ ራሳቸው አድሰው ነው መንገድ ያወጧት። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን የሚለዩት በጥላውና በድምፁ ነው። ካልነዷት ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቢሆንም በየሳምንቱ ሞተሯን እያስነሱ ያዳምጧታል።

ችግሩ ጊዜው ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሊነሣ ነው፤ ቤቱን ሐሙስ ያስረክባሉ። የሚገቡበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ለማትነዳ መኪና ቦታ የለውም። የምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሁለቴ መጥቶ መኪናዋን በኪሎ ገምቷታል። ረቡዕ ከቀትር በኋላ የጋዝ መቁረጫውን ይዞ ይመጣል።

“ገንዘቡን ተወው፣” አሉኝ ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ኮፋኖዋ ላይ አሳርፈው። “ቆራርጠው በሯን የዶሮ ቤት መዝጊያ እንዳያደርጉብኝ ነው።”

አንድ ተስፋ ነበራቸው። ሐጂ ሙደሲር የሚባሉ የጭድ ተራ የፕላስቲክ ዕቃ አከፋፋይ ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ሊያዩዋት ቀጠሮ ይዘዋል።

እስከዚያ ሥራዬን ልሥራ ብዬ የመኪናዋን ጉድለት ጠየቅኩ። ፍሪሲዮኗ አልቋል፤ ሞተሯ ይጮኻል እንጂ ጉልበቱ ጎማ ላይ አይደርስም። የመኪናዋን ስምና የሞዴሉን ቁጥር ደብተሬ ላይ ጽፌ ወደ መለዋወጫ ተራ ሄድኩ። ሦስት ሱቅ ጠየቅኩ። ሁለቱ “የለም” አሉኝ። ሦስተኛው ሳቀብኝ፤ ሳቁን ሲጨርስ እሱም “የለም” አለኝ። “ሦስት ሱቅ፣ የለም” ብዬ ጻፍኩ። ከአንድ ምንጭ ብቻ የሰማሁትን አላትምም፤ ሦስት ምንጭ ደግሞ ለእኔ በቂ ነበር።

ወደ ግቢው ስመለስ ሐጂ ደርሰዋል። መኪናዋን ሁለቴ ዞሯት። ጎንበስ ብለው በመስኮቷ ወደ ውስጥ አዩ።

“ጋሽ ወልዴ፣ እኔ ለሐውልት አልፈልጋትም፣” አሉ። “ዛሬ ገዝቼ ነገ ሌላ መኪና ሲጎትተኝ ከታየሁ የጭድ ተራ ሰው ዕድሜ ልኩን ይስቅብኛል። ዕቃ ይገኝላታል?”

“ይገኛል፣ ሐጂ።”

ሐጂ ዞር ሲሉ እኔን ከነደብተሬና ከነካሜራዬ አዩኝ።

“አንተስ ማን ነህ? ደላላ ነህ?”

“ጋዜጠኛ ነኝ።”

“እንግዲያው እውነቱን ንገረኝ። ዕቃ አላት?”

ሸምሱ እግሬን ረገጠኝ። ለምን እንደረገጠኝ ገብቶኛል። ግን ተጠይቄያለሁ፤ መልሱን አጣርቻለሁ፤ ደብተሬ ላይም አለ።

“ሦስት ሱቅ ጠይቄያለሁ። ሦስቱም የለም ብለውኛል።”

ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው “ጋሽ ወልዴ፣ አይቀየሙኝ” አሉና ወጡ።

ሸምሱ ፈነዳ። “አንተ ሰውዬ! ሰው ገበያ መሀል እንዴት ትገባለህ?”

“ጠየቁኝ፣ መለስኩ።”

“ብትጠየቅስ! ‘ባለቤቱ ያውቃል’ አይባልም? ደግሞ አማኑኤል ነው ያደግኩት ትላለህ! እዚህ ያደገ ሰው ይሄ ይጠፋዋል?”

ሁለት ሰው ዋጋ ሲነጋገር ሦስተኛው ቃል እንደማይጥል መርካቶ ጫፍ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ሥራዬ አስረስቶኝ ነው እንዳልል ደግሞ አልረሳሁትም፤ እውነት እስከያዝኩ ድረስ ደንቡ እኔን የማይመለከተኝ መስሎኝ ነው።

ጋሽ ወልዴ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን “ሱቆቹን ስትጠይቅ በእጅህ ምን ይዘህ ነበር?” አሉኝ።

“ደብተሬን።”

ሸምሱ ሳይቀር ሳቀ። “ደብተር የያዘ ሰው ሲመጣ ግብር ሊጠይቅ የመጣ መስሏቸው ያላቸውንም ይደብቃሉ” አለ።

“ልጄ፣ ለእንዲህ ያለች መኪና ዕቃ በስሙ አይጠየቅም፣” አሉ ጋሽ ወልዴ። “አሮጌውን ፈትተህ፣ በእጅህ ይዘህ ነው የምትሄደው። ባለሱቁ ስሙን አያውቀውም፤ መልኩን ግን ያውቀዋል። ነገ በጠዋት ና። ያረጀ ሱሪ ልበስ።”

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ወልዴ ካርቶን አንጥፈው መኪናዋ ሥር ገቡ። “የእጅ ባትሪ ላብራልዎት?” አልኳቸው። “ለራስህ አብራ” አሉኝ። ብሎኖቹን በጣታቸው እየቆጠሩ ፈቱ። እኔ የሚሉኝን እያቀበልኩ፣ የምይዘውን እየያዝኩ ግማሽ ቀን አለፈ። በመጨረሻ ያለቀውን የፍሪሲዮን ዲስክ አውጥተው በጨርቅ ጠቀለሉና ክንዴን ይዘው ወደ መለዋወጫ ተራ መሩኝ። መንገዱን የሚያየው እኔ ነኝ፤ የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው።

የሳቀብኝ ባለሱቅ ጋ ደረስን። እኔን አላስታወሰኝም። ዲስኩን ተቀብሎ አገላበጠው፣ መሀሉ ላይ ያለውን ጥርስ በጥፍሩ ነካካው። ለጎረቤቱ ተጣራ፤ ጎረቤቱ ለሌላ ሰው። ብዙም ሳይቆይ ባንኮኒው ላይ አራት የተለያዩ ዲስኮች ተደረደሩ። የአንዷ ትንሽ የጭነት መኪና ዲስክ ጥርሱ ልክክ አለ። ዙሪያው ብቻ ይሰፋል።

“ይሄው፣” አለ ባለሱቁ። “የቀረው የቶርኖ ሥራ ነው።”

ብረት የሚላጭበት ቶርኖ ቤት ሁለት ሱቅ አልፎ ነበር። ሠራተኛው የዲስኩን ዙሪያ ላጠው፤ ላዩ ላይ የተመታውን ሸራም አንሥቶ በልኩ የተቆረጠ ሌላ ሸራ በመዳብ ምስማር መታበት። ጋሽ ወልዴ ውፍረቱን በአውራ ጣታቸው እየለኩ ሦስት ጊዜ “ትንሽ አውርድ” አሉት። በሦስተኛው “ጋሼ፣ እኔ ማሽን አለኝ እኮ!” አላቸው። በማሽኑ ለካው። ከዚያ ትንሽ አወረደ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ወልዴ ዲስኩን መልሰው ሲገጥሙ እኔ ወደ ጭድ ተራ ሄድኩ። ሐጂ ጣሪያ ድረስ በተቆለለ የፕላስቲክ ሳፋ መሀል ተቀምጠዋል።

“ሐጂ፣ ማረሚያ ይዤ መጥቻለሁ፣” አልኳቸው።

“ምን ይዘህ?”

“ሰኞ የነገርኩዎት ጎዶሎ ነበር። ሱቆቹ የለም ያሉኝ እውነት ነው። ግን አጠያየቄን አላውቅበትም ነበር። ዕቃው ተገኝቷል፤ አሁን እየተገጠመ ነው። መጥተው በጆሮዎ ይስሙት።”

“ጋዜጠኛ ሱቅ ድረስ መጥቶ ሲያርም ወላሂ ዛሬ ማየቴ ነው፣” አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ፤ “ከገጠር መጥቼ እዚህ በተሸካሚነት ስጀምር መኪና ማለት ለእኔ ጭነት ነበር። እህል፣ ብረት፣ ጨው። አንድ እሁድ እሷ ስታልፍ አየሁ። ያለምንም ጭነት፣ ለደስታ ብቻ የምትሄድ መኪና መኖሯን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።” ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ።

ግቢው ስንደርስ ብረት ገዢው ከሰዓቱ ቀድሞ መጥቷል። የመቁረጫውን ሲሊንደር አጋድሞ እላዩ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ወልዴ መኪናዋ ውስጥ ሆነው ሞተሯን አስነሡ፣ ማርሽ አስገቡ። መኪናዋ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ተራመደችና ቆመች። ሐጂ ሳቅ አሉ፤ ሲስቁ ልጅ ነው የሚመስሉት።

ዋጋው ላይ ሲነጋገሩ ደብተሬን ኪሴ ከትቼ ግድግዳው ጋ ቆምኩ። ሸምሱ በየመሀሉ ዞር እያለ አፌን ያይ ነበር። የተስማሙት፣ ሸምሱ እንዳለው፣ ከባጃጅ ዋጋ በታች ነው። ብረት ገዢው ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ አወጣና “መቼስ የእኔ አልሆነችም፤ ይመቻችሁ” ብሎ ወጣ።

ሐጂ መሪው ላይ፣ ጋሽ ወልዴ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሌላ ወንበር የላትም። “አይጫኗት፣ ድምፅዋን ይስሙ፣ ራሷ ቀይር ትልዎታለች” ሲሉ ጋሽ ወልዴን እሰማለሁ። ግን ምን ማርሽ ይቀየራል? በሳምንቱ መሀል መርካቶ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ ከፊታቸው ጎማ የጫነ የእጅ ጋሪ ነበር። በሕይወቴ ካየኋቸው መኪኖች ሁሉ ፈጣኗ በጋሪ ገፊው እርምጃ ተከትላው ሄደች። ሰው መሀል እስክትጠፋ ቆሜ አየኋት፤ የምጽፈው ነገር እንዳለኝ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

ሐሙስ ጋሽ ወልዴ ቤቱን አስረከቡ። ዘገባዬ በሳምንቱ ወጣ። ያገለገሉ ስፖርት መኪኖች በከተማችን ገበያ ዋጋቸውን እንደማይጠብቁ ጻፍኩ፤ ይህ ትክክል ነው፣ ዛሬም አልለውጠውም። ስለዚያ ግቢ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። የራሴ ጥፋት ያለበትን ነገር እንደ ሌላ ሰው ወሬ መዘገብ አልሆንልህ አለኝ።

ሲያሳፍረኝ የቆየው ነገር አሁን ብዙም አያሳፍረኝም። ይልቅ ያ ሰፈር ይናፍቀኛል፤ መለዋወጫ ተራውም አብሮ ተነሥቷል። አራት ዲስክ ከአራት ሱቅ ለማያውቁት ሽማግሌ ባንኮኒ ላይ የደረደሩት ሰዎች አሁን የት የት እንደተበተኑ አላውቅም። ጋሽ ወልዴን ግን አንዳንዴ እደውልላቸዋለሁ። በቅርቡ ስንጫወት፣ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ፣ ዋጋው ያስቆጫቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

“በርካሽ ነው የሸጥኳት፣” አሉኝ። “ግን ሙሉዋን ነው የሸጥኳት።”