ሳይበስል የሚበዛ ደም

በደርግ ጊዜ ወደ ሱዳን ልንሻገር ስንል ተያዝንና ጎንደር አምጥተው አሰሩን። በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ስገፈተር መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ ሽንት፣ የረጠበ አፈር። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ቀረሁ።

«እዚህ ጋ ቦታ አለ፤ ና ተቀመጥ» አለኝ አንድ ድምፅ።

የሕክምና ተማሪ ነበር። ወረቀት በትነሃል ተብሎ ነው የታሰረው። ድዱ ይደማል፤ ክንዱ በሰማያዊ ሰንበር ተሞልቷል። የምርመራ ዱላ መስሎን ማንም አልጠየቀውም። በኋላ ራሱ ነገረን።

«ዱላ አይደለም። ከመታሰሬ በፊት ደሜን በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ። ነጭ የደም ሕዋስ መብሰል አለበት፤ ሲበስል ነው በሽታ የሚከላከለው። የኔ ሳይበስል ይበዛል። ጤነኛውን ቦታ ያሳጣዋል።»

አብሮኝ የተያዘው አጎቴ ከማዶ ጥግ ሆኖ «መድኃኒቱስ ልጄ?» አለው።

«እንዲበስል የሚያደርገው ነገር ቢገኝ ነበር፣ አባቴ።»

አጎቴ የኛን የቤተ እስራኤልን ሥርዓት አጥባቂ ነው። ከወገናችን ውጭ ከሆነ ሰው ጋር አይነካካም፤ ከነካም ሳይታጠብ አይውልም፤ ደም ከሆነማ ጭራሽ። በዚያ ጠባብ ክፍል እንኳ ጉልበቱን አቅፎ ለብቻው ይቀመጥ ነበር።

አንድ ማለዳ ተማሪው መነሳት አቃተው። አፉ በደም ተሞልቷል። ጠባቂዎቹ መጡና «ተሸክማችሁ አውጡት!» አሉ።

«ቆዩኝ፤ በእግሬ ነው የምሄደው» አለ። ሸሚዙን ሊቆልፍ ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታዘዙትም።

አጎቴ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ አፉን በገዛ ጋቢው ጠረገለት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈለት፤ ኮሌታውን አስተካከለለት። ከዚያ ብብቱን ይዞ አቆመው። ተማሪው ዞር ብሎ ሁላችንንም ተመለከተና «በሉ ደህና ሁኑ» አለ። ግድግዳውን እየተደገፈ ወጣ። አልተመለሰም። አጎቴ የዚያን ቀን ውሃ ለመታጠቢያ አልጠየቀም።

ዛሬ እስራኤል አገር፣ አፉላ ነው የምኖረው። ልጄ ሃይፋ፣ እዚህ ማዓባዳ በሚሉት ቤተ ሙከራ ውስጥ የደም ካንሰር ሕዋሳትን ታጠናለች። ማታ ስትመለስ አውቶቡስ ጣቢያ እቀበላታለሁ። በቀደም ወደ ሰፈራችን ወደ ጊቫት ሃሞሬ የሚወጣውን አውቶቡስ ስንጠብቅ ስለ ሥራዋ አጫወተችኝ።

«አባ፣ ሕዋሱ ውስጥ የቫይታሚን ዲ ተቀባይ አለ። ቫይታሚኑን ሲይዝ ተኝተው የነበሩ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ያኔ ያልበሰለው ሕዋስ ይበስላል፤ መባዛቱንም ያቆማል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ሰው ይድንበታል?» አልኳት።

«ሎ፣ አይድንም አባ፤ ገና ነው። የሚሠራው በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ብቻ ነው። ለሰው ያን ያህል ቢሰጡት ደሙ ውስጥ ካልሲየም በዝቶ ይጎዳዋል።»

ያን ጊዜ ስለ ተማሪው ነገርኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈርንም። ስሙን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እዚህ ግን አልጽፈውም። እናቱ በሕይወት ካለች ምናልባት ዛሬም ትጠብቀው ይሆናል፤ መርዶውን ከኔ ወረቀት እንድትሰማ አልፈልግም።