የተጣመመው ድንኳን

ላፍቶ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ዛሬ የእድሩ ድንኳን ሲተከል፣ የእርጥብ ሸራው ሽታ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መጣብኝ።

አባቴ የሞተ ጊዜ ከሶዶ መጥተን መካኒሳ ከገባን ዓመት አልሞላንም ነበር። የሰፈሩ እድር ዳኛ አባባ ቶላ ድንኳን አሸክመው ሲመጡ እናቴ ደነገጠች።

"አባባ፣ እኛ እኮ አባል አይደለንም" አለቻቸው።

"እሱን ከቀብር በኋላ እንነጋገራለን። አሁን የት እንትከለው?"

አባባ ቶላ ጠባቧን ግቢያችንን ሲቃኙ አባቴ የተከለውን ጎመን አዩ።

"ጎመኑን እንዳትረግጡት" አሏቸው ድንኳን የተሸከሙትን።

ድንኳኑ ጎመኑን ሸሽቶ ተጣሞ ቆመ። ለቀስተኛው ሁሉ የጎመኑን መደብ እየዞረ ገባ፣ ወጣ።

የዛሬው ድንኳን ሲሚንቶ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዓይኔ ግን ጎመኑን ይፈልጋል።