ጣምራ ክሪስታል በእህል መጋዘን

በጦርነቱ ጊዜ ያሰሩኝ ጤፌን አስቀምጥበት በነበረው መጋዘን ነው። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ነበር። በሩ ሲከፈት ወለሉን አየሁና «ምነው፣ ሳልጠርገው ነው እንዴ የተውኩት?» አልኩ። ጠባቂው ሳቀ፤ ገፍቶ ግን አስገባኝ።

አስራ ስድስት ሰው ነበርን፤ ብርድ ልብሱ ግን ስምንት ብቻ። ቆርቆሮው ቀን ይግላል፤ ሲመሽ የሐይቁ ብርድ አጥንት ይገባል። ስለዚህ አንድ ሙስሊም ከአንድ ክርስቲያን ጋር ተጣመርን። አንዱ ሲሰግድ ሌላው ቦታውን ይጠብቃል፤ አንዱ ሲጾም ሌላው ምሳውን ያቆይለታል። እንደ ነጋዴ ካያችሁት አዋጭ ነው። ለእኔ የደረሰኝ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ነበር።

አንድ ጠዋት በፍተሻ ደብተሩ ተያዘ። ክብና ካሬ ሁለት ሁለት እየተያያዙ ተሰልፈውበታል።

«የምን ካርታ ነው?» አለ የጥበቃው አለቃ። «ክቡ የማን ጦር ነው?»

«ጣምራ ክሪስታል ነው፤ ሁለት ዓይነት ሞለኪውል ባንድ ላይ ተደርድሮ። ሙቀትና ግፊት ሲያገኘው አደራደሩን ይለውጣል።»

«ግፊት? ገፊው ማነው?»

መምህሩ በተናገረ ቁጥር ነገሩ ባሰ። «ነገ ወደ ላይኛው ምርመራ ትሄዳለህ» አለው አለቃው። ወደዚያ ሄዶ የተመለሰ አላየንም።

እኔ ተነሳሁ። «አለቃ፣ ወላሂ ካርታ አይደለም። በሰው ላሳይዎት።»

ሙስሊሙን ክብ፣ ክርስቲያኑን ካሬ አደረግሁ። ጥንድ ጥንዱ እጅ ለእጅ ተያያዘ። «በረደ!» ስል ተጠጋግተን ቀጥ ብለን ተሰለፍን። «ቆርቆሮው ጋለ!» ስል ሁሉም ይወዛወዝ፣ ይራራቅ ጀመር።

«እኔን አታሙቁኝ» አሉ አንድ ሽማግሌ ሸህ፣ «ወገቤ አይችልም!»

«አሁን ግፉን፣ አለቃ» አልኩ።

አለቃውና ሦስት ጠባቂዎች እየሳቁ ወደ ግድግዳው ገፉን። እጁን የለቀቀ የለም። ቦታ ሲጠፋ ግን አንዱ ጎኑን ሰጠ፣ ሌላው ጀርባውን አዞረ፤ ቀጥ ያለው ሰልፍ ሰያፍ ሆነ።

«ይሄው! አዲስ ቅርፅ!» ብሎ ጮኸ መምህሩ። እስረኛነቱን ረስቶት ነበር።

«ስንለቃችሁስ?» አለ አለቃው እያለከለከ።

«አንዳንዱ ወደ ድሮው ይመለሳል፤ አንዳንዱ በዚያው ይቀራል። ሞክሮ ማየት ነው» አለ መምህሩ።

ለቀቁን። ሸሁን ጨምሮ አንዳችን በአንዳችን ላይ ወደቅን፤ ሳቁ ለመነሳት እንኳ አላስቻለንም።

አለቃው ደብተሩን ዘረጋ። «ትርጉም የሌለው ስዕል ነው ብለህ ፈርምና ውሰድ።»

መምህሩ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። «ፈርም እንጂ አንተ ሰው!» አልኩት በሹክሹክታ።

«ትርጉም አለው፣ አለቃ» አለ ቀስ ብሎ። «የትምህርት ማስታወሻ» ብሎ ጽፎ ፈረመ።

አለቃው አነበበው። እኛን አየን፤ ልብሳችን አቧራ፣ ፊታችን ገና ሳቅ ነበር። «እሺ፣ ይሁንልህ» ብሎ ደብተሩን መለሰለት። በማግስቱ መምህሩን ለምርመራ የወሰደው የለም።

ሁላችንም ከተፈታን ቆየን። ባለፈው መስከረም ሸቀጥ ይዤ ወደ አምባሰል ስሄድ ከግሸን ተጓዦች ጋር ተሳፈርኩ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ!» እያለ ሲያጭቀን፣ አጠገቤ ያሉት እናት ትከሻቸውን አዞሩልኝ፤ እኔም ጉልበቴን አዞርኩላቸው። ለሁለታችንም ቦታ ተገኘ።

«ምን ያስቅሃል ልጄ?» አሉኝ።

ክሪስታል ብላቸው ማን ያምነኛል?

«ተመችቶኝ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።