ጎረቤት ጣቢያ የገባ መርዶ

ዛሬ አክስቴ የወንድሟን ሞት የሰማችው ከሬዲዮ ነው፤ ያውም ከሌላ ጣቢያ።

እኔ ጎንደር ውስጥ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ቴክኒሻን ነኝ። የአጎቴን የአያ ዘውዱን የቀብር ማስታወቂያ ወገራ ያለው ዘመድ ሁሉ እንዲሰማው ብዬ የማሰራጫውን ድምፅ ማጉያ ከአቅሙ በላይ ገፋሁት።

እንዲህ ሲገፋ ድምፁን ያዛባና ጎን ለጎን ወዳሉት ጣቢያዎች ይረጨዋል። አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው።

ድብ ባሕር ያለችውን አክስቴን፣ ልቧ ደካማ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎች ነገ ንጋት ላይ ሊያረዷት ነበር። ልጇም እስከዚያ እንዳትሰማ ሬዲዮዋን ከእኛ ቀጥሎ ወዳለው ጣቢያ አዙሮት ነበር።

ሌላ ቀን "ጣቢያችሁ አይሰማም" እያለች ትወቅሰኝ ነበር።

ዛሬ ግን የእኔ ማስታወቂያ እዚያ ጣቢያ ላይም ገብቶ ሰማችው። ልጇ ሲነግረኝ ደወልኩላት። አላለቀሰችም። "ምነው ልጄ፣ የሚያረዳኝ ሰው ጠፋ?" አለችኝ።

እኔም እንባ አልመጣልኝም። ማጉያውን ወደ ቦታው መለስኩት።

ያለ ሽማግሌ መርዶ የደረሳችሁ ካላችሁ፣ ሰው ምን ቢላችሁ ይሻላችሁ እንደነበር ጻፉልኝ። አክስቴ እስካሁን ስልኩን አልዘጋችም፤ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ነው የምጽፍላችሁ።