ሦስት እጅ እና የሻይ ማንኪያው

የእህቴ ባል ቀለም ቀቢ ነው። ሌሎች ቀቢዎች ግድግዳውን ሁለት እጅ ቀብተው መሰላላቸውን ሲያጥፉ፣ እሱ ሦስተኛውን ካልደረበበት እንቅልፍ አይወስደውም። የሥራ ባልደረቦቹ «ሦስት እጅ» ብለው ሰየሙት፤ ስሙም ከሥራ ቦታ ተከትሎት ቤቱ ገባ። በሕይወቱ ቀጭን ነገር አይወድም። ሻዩ ጥቁር ነው፣ ሰላምታው ትከሻ ያወልቃል። ቀለም ላይ ውሃ የሚያበዛ ቀቢ ካየማ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል።

እውነቱን ልናገርና፣ እህቴን ሲያገባት ደስ አላለኝም ነበር። እህቴ የሆቴል ስልክ ኦፕሬተር ናት፤ የተዋወቁትም የስልክ ክፍሏን ሊቀባ መጥቶ ነው። በአንድ ቀን የሚያልቀውን ክፍል አራት ቀን ሲያሽሞነሙነው ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ከሮለርና ከባልዲ ሌላ ምን ያውቃል?» ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ዛሬ ያን ንግግሬን መልሼ ልውጠው ነው፤ ደግሞ እንዴት ደስ እያለኝ!

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ነው። የአራት ዓመቱ ልጃቸው ከአፀደ ሕፃናት ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ጫማውን ሳያወልቅ ምሳውን የአባቱ ባልዲ ውስጥ መለሰው። ዓርብ ጠዋት የስድስት ዓመቷ ታላቅ እህቱ፣ ክርክር ስለምትወድ «ጠበቃዋ» የምንላት፣ እኔ አላመመኝም እያለች ስትከራከር ክርክሩን አቋርጣ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። ከሰዓት በኋላ እናታቸው፣ እህቴ፣ ተዘረረች። እኔም «ሆዴ ብረት ነው፣ መጣሁላችሁ» ብዬ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ደረስኩ፤ ቅዳሜ ማለዳ ብረቱ ቀለጠ። ቤቱ ሁለት መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎንና አንድ ሽንት ቤት ነው ያለው። አንድ! በጠባቡ ኮሪደር ግድግዳውን ተደግፈን ተራ ስንጠብቅ፣ ጠበቃዋ ሰልፍ ጥሰሻል ብላ አባቷ ዘንድ ከሰሰችኝ። ተፈረደብኝም።

በእግሩ የቆመው ሦስት እጅ ብቻ ነበር። በሽታው የቀለም ማቅጠኛውን ሽታ ፈርቶት ነው እያልን ከየተኛንበት ቀለድንበት። እሱ ወለሉን በበረኪና ይወለውላል፣ አንሶላ ያጥባል፣ ባልዲ ይደፋል፣ ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይፈትጋል፤ ደግሞ ይጀምራል።

ቀልዱን ያስተወችን የመጨረሻ ልጃቸው፣ ትንሿ ናት። አሥራ አንድ ወሯ ነው። ዓርብ ማታ ጀመራት፤ ቅዳሜ ጠዋት ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ጡት ሲሰጧት ፊቷን ታዞራለች። ስታለቅስ ድምፅ አለ፣ እንባ የለም።

ሦስት እጅ መድኃኒት ቤት ሮጦ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ይዞ መጣ። አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ ነው። እሱ ግን እንደ ሙያው አሰበ፦ ልጅቷ በጣም ታማለች፣ ስለዚህ ወፈር ይበል። ሁለት ፓኬት አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ገለበጠና፣ እንዳይጓጉል እያለ እንደ ቀለም አማሰለው። ሁለት ማንኪያ ሰጣት፤ ሁለቱንም ደረቱ ላይ ተፋችበት።

በዚህ መሀል ከታች ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ነርስ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» የሚላቸው፣ ሲያቃስቱ ያደሩ ሰዎች ድምፅ በደረጃው ሰምተው መጡ። ልጅቷን አገላብጠው አዩ፣ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁ። ከዚያ ብርጭቆውን አንስተው በጣታቸው ቀመሱና ፊታቸው ተጨማደደ።

«ይሄን ግድግዳ ቀባበት። ለልጅ ግን አይሰጥም።»

«ወፈር ሲል ቶሎ የሚይዝ መስሎኝ ነው፣ ሲስተር።»

«ጨው እኮ ነው የኔ ልጅ። ሲበዛ ያላትንም ውሃ ይመጥጥባታል። ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለህ ድፋው።»

ያ ትከሻው በር የሚሞላ ሰውዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ምን አደረግኳት ብሎ ጠየቀ፣ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ። ሲስተር ምንም አላደረግካትም፣ ካንተ ስለምትሻል ተፍታዋለች አሉት። ከዚያ ውሃ አፍልተው አቀዘቀዙ፣ በሊትር ጠርሙስ ለኩ፣ ከቀረው አንዷን ፓኬት በጠበጡ፣ የሻይ ማንኪያም አስጨበጡት። በየሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። ካስመለሳት አሥር ደቂቃ ይጠብቃል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እንደገና። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልሸናች፣ ወይ ከዚያ በፊት ከደከመች፣ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ክርክር የለም። ያኔ ሰዓቱ አራት ተኩል ነበር።

ዳይፐር አልቆ ትንሿ በጨርቅ ብቻ ነበረች። መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስቦ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። በሮለር በአንድ ጠዋት ስንት ክፍል የሚጨርስ ሰው፣ የሻይ ማንኪያ በሁለት ጣቱ ይዞ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። አንድ ማንኪያ። ሁለት ደቂቃ። አንድ ማንኪያ። አምስት ሰዓት ላይ የጠጣችውን ሁሉ ሸሚዙ ላይ መለሰችው፤ አልተነሳም። አሥር ደቂቃ ጠበቀና ከዜሮ ጀመረ። ከሮለርና ከባልዲ ሌላ ምን ያውቃል ያልኩት ሰውዬ ነው ይሄ።

ኮንትራክተሩ ደውሎ የት ነህ አለው። ሥራ ላይ ነኝ አለና ዘጋበት።

ከየክፍሉ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ። እህቴ ከመኝታ ቤት «ሸናች?» ትላለች። እኔ ከሶፋው «ሸናች እንዴ?» እላለሁ። ጠበቃዋ እሷ ብቻ ናት ወይ የምትጠየቀው፣ እኔም ሸንቻለሁ ብላ አቤቱታ አሰማች። እሱ «ገና» ይላል፣ ማንኪያውን ያነሳል። ሰባት ሰዓት፣ ገና። ሰባት ተኩል፣ ገና። ስምንት ሰዓት ላይ እህቴ መጠየቅ አቆመች፤ በግድግዳው በኩል ስታለቅስ ይሰማኛል። ሲስተር ጫማቸውን አድርገው፣ የልጅቷን ፎጣ በከረጢት አዘጋጅተው በር ላይ ቆሙ።

ስምንት ከሃያ ሲሆን ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። ሦስት እጅ ወደ ጉልበቱ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ሲስተር።

«ሞቀኝ» አለ።

ሲስተር ጎንበስ ብለው የሱሪውን ጉልበት ዳሰሱ። ከሠርግ ቤት እንደመጣ ሰው ፊታቸው በራ። እኔ ከሶፋው ተመስገን ስል፣ እህቴ ከመኝታ ቤት ተመስገን ስትል፣ ትንሹ ልጅ ምን እንደሆነ ሳይገባው ተመስገን ብሎ ጮኸ። ሲስተር ጫማቸውን አወለቁና አታቁም፣ ማንኪያው ይቀጥል አሉት።

ልጅቷ ጥቂት ቆይታ ጭኑ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሱሪህን ቀይር፣ እኔ ልያዛት ብለው ሲስተር ለመኑት፤ እምቢ አለ። እርጥቡ እየቀዘቀዘበት፣ እሷ እንዳትነቃ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ተቀመጠ። እህቴ ግድግዳውን ይዛ መጣችና ከወንበሩ ሥር ቁጭ አለች። እጇን ጉልበቱ ላይ፣ እርጥቡ ላይ አሳረፈች። ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።